የፓርቲ መሪ ምርጫ ከደንቡ እስከ ርክክቡ፦ አስመራጭ ኮሚቴ ለሆናችሁ ዝርዝር መመሪያ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 2012 በፈረንሳይ ዩኤምፒ የተባለው ትልቅ ፓርቲ ሊቀመንበሩን ሲመርጥ ዋለና ማታ ላይ ሁለት አሸናፊ ተገኘ። ዣን ፍራንሷ ኮፔም ፍራንሷ ፊዮንም በየፊናቸው ካሜራ ፊት ቀርበው አሸንፈናል አሉ። በማግስቱ የፓርቲው የምርጫ ኮሚሽን ኮፔ በ98 ድምፅ ብልጫ ማሸነፋቸውን አወጀ። ብዙም ሳይቆይ የሦስት የባሕር ማዶ ግዛቶች ድምፅ፣ በድምሩ 1,304፣ በቆጠራው ውስጥ ጭራሽ አለመግባቱ ታወቀ። እሱ ቢደመር በ26 ድምፅ የምንመራው እኛ ነን አሉ የፊዮን ወገኖች። ቅሬታ የቀረበለት ሌላው ኮሚሽን ደግሞ ጉዳዩን አይቶ የኮፔን ብልጫ ወደ 952 ከፍ አደረገው። ፊዮን አልተቀበሉም፤ ደጋፊዎቻቸውን ይዘው በምክር ቤቱ ውስጥ የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ።

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው በፓርቲያቸው ውስጥ የአስመራጭ ኮሚቴ አባል እንዲሆኑ ኃላፊነት ለተጣለባቸው ሰዎች ነው። ሥራውን ሠርቼዋለሁ፤ እንቅልፍ የሚነሳ ሥራ ነው። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢገባችሁ ብዙ ድካም ያቀልላችኋል። ያሸነፈ ዕጩ ሁልጊዜ ምርጫው ፍትሐዊ ነበር ይላል፤ የእሱ ምስክርነት ለሥራችሁ መመዘኛ አይሆንም። ሥራችሁ የሚመዘነው በጥቂት ድምፅ የተሸነፈው ዕጩ ወረቀቶቻችሁን አገላብጦ አይቶ «አዎ፣ ተሸንፌያለሁ» ማለት ሲችል ነው። እያንዳንዱን እርምጃ በእሱ ዓይን እያያችሁ ሥሩ።

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ እርምጃ፦ ደንቡን አንብቡ፣ የጎደለውን ጻፉ

የመተዳደሪያ ደንቡን ሙሉ ቅጂ፣ ማሻሻያዎቹን ጭምር፣ ማኅተም ያረፈበትን አስመጡ። በየቅርንጫፉ የሚዞረው ፎቶ ኮፒ ብዙ ጊዜ ከማሻሻያው በፊት የነበረው ነው፤ ሁለት ዕጩዎች በሁለት የተለያየ ደንብ ሲከራከሩ አይቻለሁ። ከዚያ ሁሉም የኮሚቴ አባል ለየብቻው ያንብብ፣ ግልጽ ያልሆነለትን ያስምርበት፣ በኋላ ተሰብስባችሁ አስተያዩ።

የምትፈልጉት መልስ እነዚህን ለመሳሰሉ ጥያቄዎች ነው። ወንበሩ ክፍት ሆነ የሚባለው መቼ ነው? መሪው ሥራ መልቀቁን በቃል ሲናገር ነው ወይስ ደብዳቤው ሲገባ? እስከ ምርጫው ድረስ ፓርቲውን የሚመራው ተጠባባቂ ራሱ መወዳደር ይችላል? ነባሩ መሪ ወንበሩ ላይ እያለ ተቀናቃኝ ከተነሳበት እሱም የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ አለበት? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ይመስላል። በ2016 በብሪታንያ ሌበር ፓርቲ ጄረሚ ኮርቢን ተቀናቃኝ ሲነሳባቸው ደንቡ ስለ ነባሩ መሪ በግልጽ አይናገርም ነበርና የፓርቲው ብሔራዊ ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴ በድምፅ መወሰን ነበረበት፤ 18 ለ14 ሆኖ ፊርማ አያስፈልጋቸውም ተባለ። ጉዳዩ ግን ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ።

ከሁሉ በላይ «አብላጫ» የሚለውን ቃል አፍታቱት። ድምፅ የመስጠት መብት ያላቸው 300 ጉባኤተኞች አሉ እንበል። 280 ተገኙ፣ 270 ሰዎች ወረቀታቸውን ኮሮጆ ውስጥ ከተቱ፣ ከእነዚህ ውስጥ 10 ወረቀት ተበላሸ። ሃምሳ ሲደመር አንድ ስትሉ ከጠቅላላው ከሆነ 151፣ ከተገኙት ከሆነ 141፣ ድምፅ ከሰጡት ከሆነ 136፣ ዋጋ ካለው ድምፅ ከሆነ 131 ነው። አንዲት ዕጩ 138 ድምፅ ብታገኝ በሁለቱ ስሌት መሪ ናት፣ በሁለቱ አይደለችም። ይህን ጥያቄ ኮሮጆው ከተከፈተ በኋላ ማንሳት ማለት መሪውን ኮሚቴው መረጠ ማለት ነው። ምልአተ ጉባኤውም እንደዚሁ ነው፤ የሚቆጠረው ጠዋት ስብሰባው ሲከፈት ነው ወይስ ድምፅ መስጠቱ ሲጀመር? ከምሳ በኋላ አዳራሽ እንደሚሳሳ ስብሰባ የመራ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ደንቡ ዝም ያለበትን ሁሉ በአንድ «የምርጫ አፈጻጸም መመሪያ» ጽፋችሁ ሥልጣን ላለው አካል አቅርቡና አስጸድቁ። ይህ የዕጩ ጥቆማ ከመከፈቱ በፊት ማለቅ አለበት። ዕጩዎች ከታወቁ በኋላ የሚጻፍ አንቀጽ ሁሉ ለአንዱ ተብሎ እንደተጻፈ ይቆጠራል፤ ልክ ቢሆን እንኳ።

2ኛ እርምጃ፦ ኮሚቴውን አቋቁሙ

አምስት ወይም ሰባት ሰው ይበቃል፤ ቁጥሩ ጎደሎ ይሁን። የዕጩ የቅርብ ዘመድ ወይም በዕጩ ሥር ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው አይግባበት። መሃል ላይ ዘመዱ የታጨበት አባል በዚያው ዕለት ይውጣና ተለዋጭ ይተካ፤ ለዚህም ሁለት ተለዋጭ ከመጀመሪያው ተመርጦ ይቀመጥ። ቅሬታ ሰሚው ሌላ አካል ይሁን። የቆጠረው ሰው ራሱ ይግባኝ ሲሰማ ማንም አያምነውም።

እያንዳንዱ ስብሰባችሁ በዕለቱ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ይኑረው። የተለየ ሐሳብ ያለው አባል ልዩነቱ በስሙ ይስፈርለት። ለእሱ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ በኋላ «ኮሚቴው ተስማምቶ ነው ያታለለን» የሚል ክስ ሲመጣ የእናንተን ክርክር በጽሑፍ ማሳየት ትችላላችሁ።

3ኛ እርምጃ፦ መራጩ ማን እንደሆነ አስወስኑ

ደንቡ መራጩን ከወሰነ ይህን እለፉት። ደንቡ ሊሻሻል ከሆነ ግን ከውሳኔዎች ሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው።

በዓለም ላይ ያሉት መንገዶች በጥቅሉ ሦስት ናቸው፦ በምክር ቤት ያሉ የፓርቲው ተመራጮች ይመርጣሉ፣ የጉባኤ ተወካዮች ይመርጣሉ፣ ወይም አባላት በሙሉ በቀጥታ ይመርጣሉ። ብዙዎች ያደባልቁታል፤ ማደባለቁም የራሱ ጣጣ አለው። የብሪታንያ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ የምክር ቤት አባላት ዕጩዎችን ወደ ሁለት ካወረዱ በኋላ አባላት ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ። በ2022 በመጨረሻው የምክር ቤት አባላት ዙር ሪሺ ሱናክ 137፣ ሊዝ ትረስ 113 አገኙ፤ አባላቱ ግን ትረስን 81,326 ለ60,399 መረጡ። ከራሷ የምክር ቤት አባላት አብዛኛው ያልመረጣት መሪ ሥልጣን ላይ የቆየችው 49 ቀን ነው። የወደቀችበት ምክንያት የኢኮኖሚ ዕቅዷ ነበር፤ ያ ሲመጣ ግን ምክር ቤት ውስጥ የሚደግፋት የሳሳ ነበር።

ሌበር ደግሞ በ2010 ድምፁን ለሦስት እኩል ከፍሎት ነበር፦ ለምክር ቤት አባላት፣ ለተራ አባላት፣ ለሠራተኛ ማኅበራትና ለሌሎች አጋሮች። ዴቪድ ሚሊባንድ በሁለቱ ክፍሎች በለጡ፤ ወንድማቸው ኤድ በሦስተኛው ክፍል ሰፊ ብልጫ አግኝተው በድምሩ 50.65 ለ49.35 በመቶ አሸነፉ። ፓርቲው በ2014 ይህን ቀመር ጥሎ ወደ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ተሸጋገረ። የካናዳ ኮንሰርቫቲቮች የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው፤ በ2017 ለ338ቱ የምርጫ ወረዳዎች ለእያንዳንዳቸው 100 ነጥብ ሰጡ፣ ብዙ አባል ያለበት ወረዳ ጥቂት አባል ያለበትን እንዳይውጠው።

እኔ ዕድሉ ቢሰጠኝ አባላት በቀጥታ እንዲመርጡ አደርጋለሁ፣ ግን መዝገቡ ንጹሕ ከሆነ ብቻ። መዝገቡ የማይታመን ከሆነ በየቅርንጫፉ ተመርጠው የመጡ 300 ጉባኤተኞች ይሻላሉ፤ 300 ሰው አንድ በአንድ ማጣራት ይቻላልና።

4ኛ እርምጃ፦ የአባላት መዝገብ

ከሥራችሁ ግማሹን ጊዜ እዚህ ላይ አጥፉ። የፓርቲ ውስጥ ምርጫ በኮሮጆ ዙሪያ ከሚበላሸው ይልቅ ከሁለት ወር በፊት መዝገቡ ላይ የሚበላሸው ይበዛል። ኮሮጆውን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ መዝገቡን የሚያየው የቅርንጫፉ ጸሐፊ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የመቁረጫ ቀን ይኑር፦ እስከዚህ ቀን አባል የሆነ፣ መዋጮውም እስከዚህ ወር የተከፈለ ሰው ይመርጣል። ቀኑ ምርጫው ከመታወጁ በፊት በደንብ የታወቀ ቢሆን በጣም ጥሩ ነው። ሌበር በ2016 የመቁረጫውን ቀን ጃንዋሪ 12 ላይ ሲያደርገው ከዚያ ወዲህ የተመዘገቡ በርካታ አዳዲስ አባላት ድምፅ ተከለከሉ። ጥቂቶቹ ከሰሱ፤ ኦገስት 8 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፣ ኦገስት 12 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሻረው። በምርጫ ዘመቻ መሃል፣ በአራት ቀን ውስጥ መራጩ ሰፍቶ ጠበበ ማለት ነው።

ቀኑ እንደደረሰ መዝገቡን ዝጉ። መዝጋት ስል ከየቅርንጫፉ የመጣውን ዝርዝር አትሙ፣ እያንዳንዱን ገጽ ቁጥር ስጡ፣ የመጨረሻው ስም ሥር መስመር አስምራችሁ ፈርሙ፣ ማኅተም አድርጉ። የኮምፒውተር ፋይሉንም በዚያው ዕለት ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ የሚገባም ሆነ የሚወጣ ስም በኮሚቴው ውሳኔ፣ በቃለ ጉባኤ ብቻ ይሁን።

ቀጥሎ ማጣራት ነው። ተመሳሳይ ስልክ ቁጥር ያላቸውን ስሞች ለዩ። አንድ ሰው በሁለት ቅርንጫፍ ተመዝግቦ እንደሆነ እዩ። የሞቱ አባላት እንዲወጡ ቅርንጫፎችን በጽሑፍ ጠይቁ። የመዋጮ ደረሰኞችን ግን በዓይናችሁ እዩ። አንድ ጊዜ የአንድ ቅርንጫፍ ደረሰኞችን በተራ ቁጥራቸው ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። 38 ተከታታይ ደረሰኝ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ ተሞልቶ አገኘን። ሰዎቹ የሌሉ አልነበሩም። ስንደውልላቸው ብዙዎቹ ስልኩን አነሱ፣ ስማቸውም ትክክል ነበር፤ የፓርቲ አባል መሆናቸውን ግን የሰሙት ከእኛ ነው። አንዲት ሴትዮ «ታዲያ አሁን ምን አድርጊ ትሉኛላችሁ?» ብለው በጭንቀት ጠየቁን። ከዚያ ወዲህ ከየቅርንጫፉ በዕጣ ከሃያ ስም አንዱን ማውጣትና መደወል ልማዴ ነው። ስትደውሉ «አባል ነዎት?» ብላችሁ ፊት ለፊት አትጠይቁ፤ «መዋጮዎን መቼ፣ ለማን ከፈሉ?» ብሉ።

ለአባል መዋጮውን ሌላ ሰው ቢከፍልለትስ? ብዙ ቦታ ይህ ድርጊት ድህነትን ተገን አድርጎ ይመጣል፤ «ገንዘብ የለውም፣ እኔ ልሸፍንለት» ይባላል። ርኅራኄው እውነት ሊሆን ይችላል። መመሪያችሁ ላይ ግን መዋጮ መክፈል ለማይችል አባል ነፃ የሚሆንበትን መንገድ ጻፉና በሌላ ሰው የተከፈለውን አትቀበሉ። ያኔ ድሀውም አይገለልም፣ ድምፅ ገዢውም መግቢያ ያጣል።

ከተጣራ በኋላ ዝርዝሩ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አባላት በሚያዩት ቦታ ይውጣ፤ ስምና የአባልነት ቁጥር ይበቃል፣ ስልክና አድራሻ አይለጠፍ። ስሜ ቀረ የሚልም፣ ይህ ሰው አባል አይደለም የሚልም በቅጽ ያመልክት፤ ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጠው። ለዕጩዎች ሁሉ በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ቅጂ ስጡ።

መራጩ የጉባኤ ተወካይ ከሆነ ደግሞ የቅርንጫፍ ስብሰባዎቹን ቃለ ጉባኤ መርምሩ፤ ማን መረጠው፣ ስንት ሰው ተገኝቶ፣ ማን ፈረመ። በ2017 የደቡብ አፍሪካው ኤኤንሲ ፓርቲ ብሔራዊ ጉባኤ ሊከፈት ሲል ፍርድ ቤቶች የአንዳንድ አውራጃዎችን ስብሰባና አመራር ሕገ ወጥ ብለው ስለነበር እነዚያ አመራሮች ድምፅ እንዳይሰጡ ተደረገ። የፓርቲው ፕሬዚዳንት የተመረጡት 2,440 ለ2,261 በሆነ ድምፅ ነው፤ ልዩነቱ 179 ብቻ። እንዲህ ባለ ጠባብ ውድድር የጥቂት ተወካዮች መግባትና መቅረት ውጤት ይለውጣል።

5ኛ እርምጃ፦ የዕጩ ጥቆማ

የድጋፍ ፊርማው ልክ በሩ ነው፤ በሩን ምን ያህል እንደምትከፍቱ አስቡበት። በ2015 ሌበር ከምክር ቤት አባላት 35 ድጋፍ ይጠይቅ ነበር። ኮርቢን ቁጥሩን የሞሉት ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ከፈረሙላቸው አንዳንዶቹም ሊመርጧቸው አስበው ሳይሆን ክርክሩ እንዲሰፋ ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ በአባላት ድምፅ 59.5 በመቶ አግኝተው በመጀመሪያው ዙር አሸነፉ። በተቃራኒው በኦክቶበር 2022 የብሪታንያ ኮንሰርቫቲቮች ከ357 የምክር ቤት አባላት የ100ውን ድጋፍ ስለጠየቁ በሩን ያለፈው አንድ ሰው ብቻ ሆነ፣ ተራ አባላትም ድምፅ ሳይሰጡ መሪያቸው ታወቀ። የቱ ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሦስት ወይም አራት ዕጩ ሊያስገባ የሚችል ልክ ይስማማኛል።

ጥቆማ ስትቀበሉ ሰዓቱን ጻፉ፣ ቅጂውን ፈርማችሁ መልሱ። ዕጩው ራሱ መስማማቱን በፊርማው ያረጋግጥ። በሩ የሚዘጋበት ሰዓት በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ ሳይቀር ይጻፍ። ዕጩነትን ለመተው ያለው ቀነ ገደብ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ይሁን። በ2017 በካናዳው ምርጫ ኬቨን ኦሊሪ ከውድድሩ ቢወጡም ስማቸው ወረቀቱ ላይ ቀርቶ ነበር። እንዲህ ሲያጋጥም ለእሱ የተሰጠው ድምፅ ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ አሳውቁ።

የምረጡኝ ዘመቻውን በተመለከተ ብዙ አልልም። የፓርቲው መኪና፣ ቢሮ፣ ማኅተምና የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ለማንም ዕጩ አያገለግል፣ ወይም ለሁሉም እኩል ያገልግል። የወጪ ጣሪያ ይኑር፣ ገንዘቡ ከማን እንደመጣ ይመዝገብ። በክርክር መድረክ ላይ የመናገር ተራው በዕጣ ይውጣ።

6ኛ እርምጃ፦ የአመራረጡን ዘዴ ወስኑ

ሁለት ዕጩ ብቻ ካለ ነገሩ ቀላል ነው፤ እኩል ቢወጡ ምን እንደሚደረግ ብቻ ጻፉ። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን ዘዴው ራሱ አሸናፊ ይለውጣል፤ ይህን ለአባላት ሳትደብቁ ንገሯቸው።

በሁለት ዙር የሚደረግ ምርጫ የመጀመሪያውን ዙር መሪ ሊጥል ይችላል። በሴፕቴምበር 2024 የጃፓኑ ሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ 9 ዕጩዎች ነበሩት፤ በመጀመሪያው ዙር ሳናኤ ታካይቺ 181፣ ሺገሩ ኢሺባ 154 አገኙ፣ በመለያው ግን ኢሺባ 215 ለ194 አሸነፉ። የመጨረሻውን ሰው እየጣሉ በተደጋጋሚ መምረጥ ደግሞ ለስሌት ይጋብዛል። በኦክቶበር 2024 ጄምስ ክሌቨርሊ በብሪታንያ ኮንሰርቫቲቭ የምክር ቤት አባላት ዙር 39 ድምፅ አግኝተው ሲመሩ አደሩ፤ በማግስቱ 37 አግኝተው፣ 42 እና 41 ካገኙት ሁለቱ በታች ሆነው ወጡ።

ሌላው መንገድ መራጩ ዕጩዎችን 1፣ 2፣ 3 ብሎ በቅደም ተከተል የሚጽፍበት ነው፤ ዝቅተኛው ሲወጣ ድምፁ ለቀጣዩ ምርጫው ይተላለፋል። አባላት ተመልሰው መሰብሰብ አያስፈልጋቸውም። ካናዳውያኑ በ2017 በዚህ መንገድ 13 ዙር ቆጠሩ። ማክሲም በርኒየ እስከ 12ኛው ዙር መሩ፣ በ13ኛው አንድሩ ሺር 50.95 በመቶ አግኝተው አሸነፉ። በርኒየ በዓመቱ ፓርቲውን ትተው ሌላ ፓርቲ መሠረቱ። ስለዚህ ይህን ዘዴ ከመረጣችሁ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ሄዳችሁ በልምምድ ወረቀት አስተምሩ፤ አስራ ሁለት ዙር መርቶ መሸነፍ እንደሚቻል ዕጩዎቹም ደጋፊዎቻቸውም ቀድመው ይወቁት።

7ኛ እርምጃ፦ የድምፅ መስጫው ቀን

ወረቀቱ ላይ የዕጩዎች ስም ቅደም ተከተል በዕጣ ይውጣ። ወረቀቱ ተራ ቁጥር ያለው ጉርድ ይኑረው፤ ቁጥሩ ጉርዱ ላይ ብቻ እንጂ ኮሮጆ ውስጥ በሚገባው ላይ አይኑር፣ አለዚያ ምስጢርነቱ ይቀራል። ስንት ወረቀት እንደታተመ፣ ስንቱ ለየትኛው ጣቢያ እንደሄደ በርክክብ ቅጽ ይመዝገብ።

ጠዋት ኮሮጆውን ገልብጣችሁ ባዶ መሆኑን ለዕጩዎቹ ወኪሎች አሳዩ፣ ከዚያ እሸጉት፣ የእሽጉን ቁጥር ጻፉ። መራጩ መታወቂያውን ያሳያል፣ ከስሙ ትይዩ ይፈርማል፣ ወረቀት ይቀበላል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል። ስልክ ይዞ አይግባ፤ ምልክት ያደረገበትን ወረቀት ፎቶ አንስቶ እንዲያሳይ የታዘዘ መራጭ የሚድነው በዚህ ነው። ማየት ለተሳነው ሰው ረዳቱን ራሱ ይምረጥ።

ድምፅ በፖስታ የሚሰጥ ከሆነ የፖስታውን መዘግየት አስቡበት። በ2007 በብሪታንያ የሊበራል ዴሞክራቶች ምርጫ ኒክ ክሌግ ያሸነፉት በ511 ድምፅ ነው፤ ከ1,000 በላይ ወረቀት ግን በገና ሰሞን የፖስታ መጨናነቅ ዘግይቶ ስለደረሰ ሳይቆጠር እንደቀረ በኋላ ተዘገበ። በ2020 ደግሞ የካናዳ ኮንሰርቫቲቮች ፖስታ መክፈቻ ማሽን በሺዎች የሚቆጠሩ ወረቀቶችን ቀዶባቸው ውጤቱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የተነገረው። በኢንተርኔት የሚሰጥ ድምፅን በተመለከተ የጀርመኑ ሲዲዩ ፓርቲ በጃንዋሪ 2021 ያደረገውን ልብ በሉ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት 1,001ዱ ተወካዮች በኢንተርኔት እንዲመርጡ ተደረገ፣ አርሚን ላሼት 521 ለ466 አሸነፉ፤ ሕጉ ግን በወረቀት ካልሆነ ስለማይቀበል ውጤቱ እንደገና በፖስታ ድምፅ ጸደቀ። ፈጣን ነገር ይዛችሁ ከኋላው ሊቆጠር የሚችል ወረቀት ማስቀመጥ የሚያስመሰግን ጥንቃቄ ነው።

8ኛ እርምጃ፦ ቆጠራ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አዳራሹ ይጮኻል፣ ስልካችሁ ይጮኻል፣ ጋዜጠኛ በር ላይ ቆሟል። ወረቀት ሳትገልጡ መጀመሪያ ሦስት ቁጥር አስታርቁ፦ የፈረሙት ሰዎች፣ ከጥራዙ የተቀደደው ወረቀት፣ ኮሮጆ ውስጥ የተገኘው። ወረቀቶቹ እንደታጠፉ ይቆጠሩ።

አንድ ምሽት 212 ሰው ፈርሞ 213 ወረቀት አገኘን። የአንዱ ዕጩ ወኪል ወዲያው ተነስቶ «ኮሮጆው ተሞልቷል» ብሎ ጮኸ። ሰብሳቢያችን እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ፣ ሁላችንም እንድናነሳ አደረጉ፣ ወኪሎቹን ጠረጴዛው ዙሪያ ጠሩና የፊርማውን ዝርዝር ገጽ በገጽ ጮክ ብለው አነበቡ። ገጽ 9 ላይ ከአንድ ስም ትይዩ ፊርማ አልነበረም፤ የጉርዱ ቁጥር ግን በመዝጋቢው እጅ ተጽፎበታል። ሰውየው አሁንም አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ተጠሩ፣ ወረቀት መቀበላቸውን ተናገሩ፣ በወኪሎቹ ፊት ፈረሙ፣ ነገሩ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። የጮኸው ወኪል ያ ቃለ ጉባኤ ላይ ፈርሟል፤ ዕጩው በኋላ በ6 ድምፅ ሲሸነፍ ያቺን አንዲት ወረቀት ማንም አላነሳትም። ወረቀቶቹን ገልጠን ጀምረን ቢሆን ኖሮ ግን ልዩነቱን ለማስታረቅ የምንመለስበት ቦታ አይኖረንም ነበር።

ልዩነቱ ካልታረቀስ? መመሪያችሁ ላይ አስቀድማችሁ ወስኑት፤ ለምሳሌ ልዩነቱ በአሸናፊውና በተከታዩ መካከል ካለው ርቀት ካነሰ ተመዝግቦ ይታለፍ፣ ከበለጠ በዚያ ጣቢያ እንደገና ይመረጥ። በ2017ቱ የኤኤንሲ ጉባኤ የዋና ጸሐፊነቱ ወንበር በ24 ድምፅ ሲወሰን 68 ድምፅ የት ገባ የሚል ክርክር ተነስቶ ጉባኤው በዚያ ሲታመስ ነበር።

ከዚያ ወረቀቶቹ ይገለጡ። አንድ ሰው ያነባል፣ አንድ ሰው ወረቀቱን ለወኪሎች ያሳያል፣ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይመዘግባሉ፤ በየ25 ወረቀቱ ሁለቱ መዝገቦች ይስተያዩ። አጠራጣሪው ወረቀት ለብቻው ይቀመጥና መጨረሻ ላይ በአንድነት ይወሰን። የትኛው ምልክት ዋጋ እንዳለውና የትኛው እንደተበላሸ የሚያሳይ የናሙና ገጽ ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ሳጥኑን ያለፈ ጭረት፣ በኤክስ ምትክ የተጻፈ ስም፣ ሁለት ምልክት ሆኖ አንዱ የተሰረዘበት። የመራጩ ፍላጎት ግልጽ ከሆነ ቁጠሩት፤ ማንነቱን የሚያሳውቅ ፊርማ ካለበት አትቁጠሩት።

የየጣቢያው ውጤት ወኪሎች ፈርመውበት በሩ ላይ ይለጠፍ፣ ቅጂው ለእያንዳንዱ ወኪል ይሰጠው። ማዕከል ላይ የምትደምሩት እናንተ ደግሞ ግድግዳው ላይ የሁሉንም ጣቢያ ስም ቀድማችሁ ጻፉ፤ የደረሰው ይሰረዝ። ያልተሰረዘ ስም እያለ ውጤት አይነገር። የዩኤምፒ ኮሚሽን ያን ሌሊት እንዲህ ያለ ግድግዳ ቢኖረው ኖሮ 1,304ቱ ድምፅ አይረሳም ነበር።

9ኛ እርምጃ፦ ማሳወቅና ርክክብ

ውጤቱን መጀመሪያ ለዕጩዎቹ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ እያሉ ንገሯቸው። አሥር ደቂቃ ስጧቸው። የተሸነፈ ሰው ሽንፈቱን ከመድረክ ላይ፣ ከሕዝብ ጋር እኩል መስማት የለበትም፤ ፊቱን የሚያረጋጋበትና ደጋፊዎቹን ምን እንደሚላቸው የሚያስብበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ለሕዝብ ስትናገሩ በመቶኛ ብቻ አትናገሩ። መብት የነበራቸው ስንት፣ የመረጡ ስንት፣ የተበላሸ ስንት፣ ለእያንዳንዱ ዕጩ ስንት እንደሆነ፣ በየጣቢያው ተዘርዝሮ ይውጣ።

ቅሬታ የሚቀርብበት ቀን አጭርና የታወቀ ይሁን፤ ሦስት ቀን ለማቅረብ፣ አምስት ቀን ለመወሰን ይበቃል። በእነዚህ ቀናት አሸናፊው አዲስ ሹመት አይስጥ፣ ማንንም ከሥራ አያንሳ።

ርክክቡ በዝርዝር ቅጽ ይሁን፦ ማኅተሙ፣ የባንክ ሒሳቡ ፈራሚ ለውጥ ደብዳቤ፣ የቢሮ ቁልፎች፣ የመኪና ሰነዶች፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች የይለፍ ቃል፣ የአባላት መዝገቡ። የቀድሞው መሪ፣ አዲሱ መሪና የኦዲት ኮሚቴው ይፈርሙበት። የይለፍ ቃሎቹ በዚያው ዕለት ይቀየሩ፤ ይህን ረስተው ሳምንቱን ሙሉ በፓርቲው ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት መግለጫ ሲወጣ የከረመባቸው አሉ።

የታሸጉት ኮሮጆዎች ይቀራሉ። ሁለት ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጧቸው፤ አንዱ ቁልፍ በአስመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አንዱ በቅሬታ ሰሚው እጅ ይሁን። የቅሬታውም የፍርድ ቤቱም ጊዜ ካለፈ በኋላ የዕጩዎቹ ወኪሎች ባሉበት ተከፍተው ይወገዱ፣ መወገዳቸውም በመጨረሻው ቃለ ጉባኤ ይስፈር። ያን ከፈረማችሁ በኋላ የኮሚቴው ሥራ አልቋል፣ ቁልፎቹን መልሱ።